የፀሐይ ምራቂ

ከቀኑ ስድስት ሰዓት። ቦሩ ሜዳ ላይ ጥላ የሚባለው ሁሉ አጥሮ አጥሮ ወደየባለቤቱ እግር ተሰብስቧል። ሙሽራው ጥቁር ሱፍ፣ ሙሽራዋ ነጭ ቬሎ ለብሰዋል፤ ሚዜዎቹ ከተወለወለ ጫማቸው ላይ ገለባ ያራግፋሉ። ፎቶ አንሺው፣ ሃያ አምስት ዓመት የማይሞላው የደሴ ልጅ፣ ካሜራውን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ አንዲት ቁልፍ ነካ አደረገ። ቀጭ! ከካሜራው አናት ላይ ያቺ ትንሽ ፍላሽ እንደ ፌንጣ ጉልበት ተፈናጥራ ቆመች።

ሳቄን ለመዋጥ ፊቴን አዞርኩ።

በዚህ ጠራራ? ዓይናችንን መግለጥ እስኪያቅተን ፀሐይ አናታችን ላይ ተቀምጣ፣ ልጁ መብራት ያበራል! እኔ ደግሞ ከአዲስ አበባ የመጣሁ፣ አንገቴ ላይ ካሜራ ያንጠለጠልኩ፣ በየቅዳሜው ፒያሳና መርካቶ ስዞር ስምንት ዓመት የሞላኝ «አዋቂ» ነኝ። የራሴን ካሜራ ፍላሽ፣ ሳላዛት እየተነሳች ስታስቸግረኝ፣ በገዛሁበት ዓመት በፕላስተር አሽጌያታለሁ። ፍላሽ ለእኔ የልደት ቤት ነገር ነው፦ ቀይ ዓይን፣ ወዝ የሚያብረቀርቅበት ግንባር፣ ከኋላ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ጥቁር ጥላ።

ቢሆንም ዝም ማለት ነውር መሰለኝና ጠጋ ብዬ፣ ሙሽሮቹ እንዳይሰሙ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «ወንድሜ፣ ፍላሽህ በርቶ ቀርቷል» አልኩት።

«አውቃለሁ ጋሼ። አብሽር» አለኝ ፈገግ ብሎ። ከዚያ የካሜራውን ስክሪን በእጁ ከልሎ ሁለት ፎቶ አሳየኝ።

የመጀመሪያው እኔ ላነሳው የምችለው ፎቶ ነው። ሜዳው አለ፣ ሰማዩ አለ፣ ቬሎው እንደ በረዶ ያበራል። ሙሽራዋ ግን የለችም። ማለቴ አለች፤ ዓይኖቿ ያሉበት ቦታ ሁለት ጉድጓድ፣ አፍንጫዋ ሥር አንድ ጥቁር ነጠብጣብ። በሁለተኛው ፎቶ ሰማዩም ቬሎውም እንደነበሩ ናቸው፣ ምንም አልተነካም፤ ግን ሴትዮዋ መጥታለች! የጉንጯ ጠይምነት፣ የከንፈሯ ቅርጽ፣ ሽፋሽፍቷ ሳይቀር። ዓይኖቿ ውስጥ ደግሞ አንዳንድ የብርሃን ነጥብ፣ የስንዴ ፍሬ የማታክል። ፍላሽ የነካው ፎቶ አይመስልም። ፎቶ አንሺው ደህና ደመና እስኪመጣ የጠበቀ ነው የሚመስለው። ጥር ላይ ቦሩ ሜዳ ደመና ከየት ይመጣል?

«እስቲ እንደገና አሳየኝ» አልኩት። ሦስት ጊዜ አሳየኝ።

*

ነገሩ የሆነው በጥር 2011 ነው። የጓደኛዬን ሰርግ ብዬ ከአዲስ አበባ ደሴ አራት መቶ ኪሎ ሜትር በአውቶቡስ ተጓዝኩ። ስለ ብርሃን እንድጽፍ ያደረገኝ ያ መንገድም ነው። ጣርማ በርን በዋሻው አልፈን ደብረ ሲናን ቁልቁል ስንወርድ ሹራቤን አወለቅኩ። ሸዋ ሮቢት ላይ ሸሚዜን ከፈትኩ። ከሚሴን አልፈን ኮምቦልቻ ስንገባ አየሩ ሞቅ ብሎ፣ አቧራና የፋብሪካ ጭስ ተቀላቅሎበት፣ ብርሃኑ ወተት የተንጠባጠበበት ሻይ ይመስል ነበር። ከዚያ ሐረጎ መጣ። አውቶቡሱ ጠመዝማዛውን እያቃሰተ ሲወጣ ኮምቦልቻ ከታች እየቀነሰች እየቀነሰች ሄደች፤ በሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ውስጥ ስድስት መቶ ሜትር ያህል ወደ ላይ ተነሳን። እኔ ከመስኮቱ ላይ ግንባሬን ለጥፌ አንድ ነገር ብቻ አያለሁ፦ በየመታጠፊያው ወተቱ ከሻዩ ላይ እየተገፈፈ ነው። የዛፉ ጠርዝ ጠራ። የሰማዩ ሰማያዊ ጠቆረ። ደሴ ስንደርስ ጦሳ ተራራ ላይ ያለችውን እያንዳንዷን ባሕር ዛፍ ለብቻዋ መቁጠር የምችል መሰለኝ።

ቦሩ ሜዳ ከደሴ ወደ ሰሜን አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በሚኒባስ የአንድ ዘፈን መንገድ፣ ረዳቱ ዘፈኑን እየደጋገመው ካልሆነ በቀር። ደሴ በተራራ መካከል የተጣበቀች ከተማ ናት፤ ቤቶቿ አንዱ የሌላው ትከሻ ላይ ቆመው ነው ፀሐይ የሚሞቁት። ከእሷ ወጥቶ ያን ሜዳ ማየት ታፍኖ የቆየ ትንፋሽን እንደ መልቀቅ ነው። ሰፊ፣ ለጥ ያለ፣ ብርድ የሚጋልብበት ሜዳ። እኔ የተወለድኩበት ሰፈር ሰማይ የሚታየው በሁለት ፎቅ መካከል ነው፤ እዚህ ሰማዩ ከጫማዬ ጫፍ ጀምሮ ነበር።

ስሙን ግን ከልጅነቴ አውቀዋለሁ፤ ታሪክ ክፍል የተቀመጠ ሁሉ ያውቀዋል። በግንቦት 1870 አፄ ዮሐንስ አራተኛ የሸዋውን ንጉሥ ምኒልክንና የየሀገሩን ሊቃውንት እዚህ ሰብስበው በልደት ነገር አከራከሩ፤ ሦስት ልደት የሚለው ተረታ፣ ተዋሕዶ ጸና፤ የወሎ እስላም መሳፍንትም ክርስትና ተነሡ፤ ከእነሱም መሐመድ አሊ ሚካኤል ተባሉ። ከባዱ ታሪክ ነው፤ እኔ ለሰርግ ነው የመጣሁት። ግን ያን ቀን ከሙሽሮቹ ኋላ ቆሜ ያሰብኩት ነገር ትዝ ይለኛል። ያ ሁሉ መኳንንትና ካህን በነጭ ኩታና በካባ፣ በእንዲህ ያለ ፀሐይ፣ በዚህ ሜዳ ላይ ተቀምጧል። አንድ ሰው ካሜራ ይዞ መጥቶ ቢሆን ኖሮስ? ኩታዎቹን ብቻ አንስቶ ይመለስ ነበር። በነጭ ጨርቅ መካከል የተደረደሩ፣ ፊት የሌላቸው ሊቃውንት! ለጨለማ የሚሆነው የማግኒዚየም የብልጭታ ዱቄት ራሱ ጀርመን አገር የተፈለሰፈው ከጉባኤው ዘጠኝ ዓመት በኋላ ነው።

*

በማግስቱ ልጁን ቡና ጋብዤ ጠየቅኩት፤ የሳቅኩበትን ግን አልነገርኩትም። ለምን እንደዚያ ያደርጋል? ትልቁ ፍላሹ ተበላሽቶበት ነበር በአጋጣሚ የጀመረው። የሰርግ ቀን ነው፣ ሌላ የሚያበድረው አጣ፣ «ባይሆን በዚችው» ብሎ አብራት። ማታ ኮምፒውተር ላይ ሲያያቸው ፎቶዎቹ ከትልቁ ፍላሽ ይልቅ ገር ሆነው አገኛቸው።

«ጋሼ፣ ፀሐይዋ ሸመታ ናት» አለኝ ስኒውን እያሽከረከረ። «ይቺ ደግሞ ምራቂ። ምራቂ ከሸመታው ከበለጠ ነጋዴው አብዷል ማለት ነው። ስለዚህ አሳንሳት።»

ማሳነስ እንደሚቻል እንኳ አላውቅም ነበር! ስምንት ዓመት ገደማ የያዝኩት ካኖን 600ዲ ውስጥ የፍላሹን መጠን በአንድ ወይም በሁለት ስቶፕ ዝቅ የሚያደርግ ምናሌ ተቀምጦ ኖሯል፤ አንድ ቀንም አልከፈትኩትም። እዚያው ቡና ቤቱ ውስጥ ፕላስተሩን በጥፍሬ ፋቅኩት። ሙጫው ቢጫ ሆኗል። ፍላሿ ተነሳች፤ እንደ አዲስ ነች፣ ምን ሰርታ ታውቃለችና።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ሦስት ቀናት ሥራዬ ይኸው ብቻ ሆነ። ጠዋት ከደሴ መናኸሪያ ሚኒባስ፣ ቀኑን ቦሩ ሜዳ፣ ማታ ሆቴል ጋቢ ውስጥ ገብቼ ፎቶ ማየት። ሲገባኝ የመጣውን እዚህ ልጻፈው፤ ፎቶ የማያነሳ ሰው የሚቀጥሉትን ሁለት አንቀጾች ዘሎ ቢሄድ አልቀየመውም።

ከ2,500 ሜትር በላይ አየሩ ስስ ነው። ቆላ ላይ ጉሙና አቧራው የፀሐይን ብርሃን በትኖ ወደ ጥላው ውስጥ ይረጨዋል፤ ሰማዩ ራሱ ለፀሐይ ምራቂ ይሰጣል ማለት ነው። ቦሩ ሜዳ ላይ ሰማዩ ጥቁር ሰማያዊ ነው፣ ለጥላ የሚያካፍለው ብርሃን ትንሽ ነው፤ ስለዚህ ጥላው ጥላ ነው፣ ፀሐዩም ፀሐይ፤ መሐል ላይ ያለው ተቆርጧል። በዚህ ላይ ጋቢ ይጨመርበታል። ካሜራ የሚያየውን ሁሉ መሐከለኛ ግራጫ ለማድረግ የተሠራ ማሽን ነው። ጋቢ የለበሰ ሰው ፊቱ ሲያቆሙበት በነጩ ይደነግጥና ሁሉንም ያጨልማል፤ ጋቢው ግራጫ፣ ፊቱ ከሰል ይሆናል። ፈረንጅ አገር የፎቶ ማጠቢያ ቤቶች ለአሥርት ዓመታት ቀለም ሲያስተካክሉ መለኪያቸው «ሸርሊ» የሚሏት የነጭ ሴት ፎቶ ነበረች፤ የእኛ መልክ ከመጀመሪያውም በሂሳቡ ውስጥ አልገባም። እና ምን ይደረጋል? ፎቶውን በፀሐይዋ ልክ ታነሳለህ፣ ሰማይና ጋቢ ደስ ብሏቸው ይቀመጣሉ፤ ጨልሞ የቀረውን ፊት ፍላሿ ታነሳልሃለች።

ገደብ አላት ግን። ፍላሽ ስትበራ ካሜራዬ ከሰከንድ አንድ ሁለት መቶኛ የፈጠነ ሹተር አይፈቅድም። በጠራራ ፀሐይ፣ አይኤስኦ 100 ላይ፣ በዚያ ፍጥነት የሌንሱ ቀዳዳ ኤፍ 11 መሆን አለበት። ቀዳዳው ጠበበ ማለት የፍላሿ ጉልበት አለቀ ማለት ነው። የካሜራዬ ፍላሽ የጉልበት ቁጥር 13 ነው፤ አሥራ ሦስትን ለአሥራ አንድ ሲያካፍሉት አንድ ሜትር ከሃያ ይመጣል። እስከዚያ ድረስ ከፀሐይዋ እኩል ትገፋለች። ለምራቂነት፣ በአንድ ስቶፕ ዝቅ ብላ ስትሠራ፣ አንድ ሜትር ከስልሳ ገደማ። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ወደ ሩብ ይወርዳል፤ አምስት ሜትር ርቀው ቢተኩሱ ባትሪ መጨረስ ነው።

አንድ ሜትር ከስልሳ! ይህን ቁጥር ያሰላሁት ሆቴል ውስጥ ነው፤ ትርጉሙ የገባኝ በበነጋው አውድማ ላይ ነው።

*

ከመንገዱ ራቅ ብሎ ገብስ ይወቃል። በሬዎቹ ዙሪያውን ይሄዳሉ፣ አንድ ሰውዬ በመንሽ ወደ ላይ ይበትናል፣ ነፋሱ እብቁን ወርቅ አድርጎ ይወስደዋል። የድሮው እኔ ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ፦ ከቦርሳው ረጅሙን ሌንስ ያወጣል፣ ከአስፋልቱ ዳር ይንበረከካል፣ ሳይታይ አንስቶ ይሄዳል። አዲስ አበባ ላይ ስምንት ዓመት ያነሳሁት እንደዚያ ነው። ሰዉን «ሳልረብሸው» ነበር የምለው ለራሴ።

አሁን ግን ፍላሿ አንድ ሜትር ከስልሳ ትላለች። አንድ ሜትር ከስልሳ ላይ ሰውን ሰላም ሳይሉ መቆም አይቻልም። ወሎ ውስጥ ሲሆን ደግሞ ሰላምታው ራሱ የሩብ ሰዓት ሥራ ነው! እንዴት ዋላችሁ ብዬ ገባሁ። መንሹን የያዙት አባት ነጭ ኮፍያ አድርገዋል፣ ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ አስረዋል። አልሐምዱሊላህ፣ እንዴት ዋልክ፣ ከየት ነህ፣ አባትህ ደህና፣ እናትህ ደህና፣ ልጆች ደርሰውልሃል? ሁሉንም መለስኩ። ከብቱም ሰብሉም ደህና መሆናቸውን ጠየቅኩ። ከዚያ ካሜራውን አሳይቼ፣ «አባቴ፣ ላንሳዎት?» አልኩ።

«እንዲህ ቀርበህ ነው እንዴ የምታነሳው?» አሉ ደንቋቸው። «ያለፈው ሰውዬ እዚያ ከመንገዱ ዳር ሆኖ ነው፣ ጠመንጃ በመሰለ ነገር ያነጣጠረብን። እኔስ ጅብ ያየ መስሎኝ ዞሬ ነበር።»

ያ ጠመንጃ የመሰለ ነገር ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ዚፑን ይበልጥ ዘጋሁት።

አነሳኋቸው። ፀሐይዋን ከጀርባቸው አደረግኩ፤ ጠርዛቸው በሙሉ በብርሃን ተሰፋ፣ ጺማቸው እንደ ብር ሽቦ አበራ፣ ፊታቸው ግን ወደ እኔ፣ ጥላ ውስጥ። ቦግ! ስክሪኑን ሳይ ጮህኩ፤ በእውነት ጮህኩ፤ በሬዎቹ ቀና አሉ። በግንባራቸው ላይ ያለችው ጠባሳ፣ የዓይናቸው ዳር ሽብሽብ፣ ሊስቁ ሲሉ የያዙት አፍ፤ ከኋላ ደግሞ ያ የጠቆረ ሰማይና የሚበርረው እብቅ። ስክሪኑን አሳየኋቸው። ቆይተው፣ «አሁን ይቺ መብራት ከፀሐይ በምን ትበልጣለች?» አሉኝ። የልጁን መልስ ሰጠኋቸው፤ ምራቂ ናት አልኩ። «ማሻ አላህ» አሉና አንድ እፍኝ ባቄላ ኪሴ ውስጥ ጨመሩልኝ። ምራቂ መሆኑ ነው።

የቤታችን ሳሎን ላይ አንድ የቆየ ፎቶ አለ። ግቢያችን ውስጥ ስምንት ሰው ቆሟል፤ ስምንታችንም ዓይናችንን ጨፍነን፣ ግንባራችንን ቋጥረን፣ አባቴ እጁን እንደ ባርኔጣ ቅንድቡ ላይ አድርጎ። ፎቶ አንሺው «ወደ ፀሐይ ዙሩ!» ብሎናል፤ በዚያን ጊዜ ሁሉም ፎቶ አንሺ እንደዚያ ነበር የሚለው። እናቴ ያን ፎቶ ባየች ቁጥር «ምን አስለቀሰን?» ትላለች። አውድማው ላይ ቆሜ ትዝ ያለኝ እሱ ነው። ጀርባችንን ለፀሐይ ሰጥተን፣ ሰውየው ሁለት እርምጃ ቀርቦ ይቺን ቦግ ቢያደርጋት ኖሮ የአባቴን ዓይኖች በሠላሳ ዓመታቸው አያቸው ነበር።

*

እንዲህ ስል ሁሉም ነገር የተሳካልኝ እንዳይመስል። እዚያው አውድማ ላይ፣ ነፋሱ እብቁን ወደ እኔ ሲያዞረው ያነሳኋቸው ሃያ ያህል ፎቶዎች በነጭ ኳስ ተሞልተዋል። ፍላሿ ሌንሱ አፍንጫ ላይ ነች፤ ከፊቷ የሚያልፈውን እያንዳንዱን ብናኝ አስቀድማ ታበራዋለች። አቧራ ባለበት አጥፋት፤ ተማርኩ። ሌላ ጊዜ የሌንሱን የፀሐይ መከለያ ሳላወልቅ አንስቼ በሁሉም ሰው እግር ላይ ግማሽ ጨረቃ የመሰለ ጥላ ወድቆ ተገኘ። ቶሎ ቶሎ ሲተኩሷት ደግሞ ትደክማለች፤ ትንፋሽ ያጠራት ትመስላለች፣ «ቆይ» የምትል ምልክት ታሳይና አሥር ሰከንድ ታስቆማለች። በዚያ አሥር ሰከንድ ውስጥ ሰዉ ፖዙን ይተዋል፣ ያሳልበታል፣ ለጎረቤቱ አንድ ነገር ይላል። ጥሩዎቹ ፎቶዎች የተነሱት ከዚያ በኋላ ነው።

ባትሪ ላይ ደግሞ ትንሽ ታሪክ አለ። ሁለተኛ ባትሪ ፍለጋ ደሴ ፒያሳ አንድ ኤሌክትሮኒክስ ቤት ገብቼ፣ ወሬው አላልቅ ብሎኝ፣ «የፍላሽ ነገር ብዙ ባትሪ በላብኝ» አልኩ። ልጅቷ መሳቢያ ከፍታ በስምንትና በአሥራ ስድስት ጊጋ የተደረደሩ ፍላሾች አወጣችልኝ። ሙዚቃ ተጭኖባቸው የሚሸጡም አሏት። በእኛ አገር ያቺ ቃል ሁለት ቤት እንዳላት ረስቼዋለሁ። ሳልገዛ መውጣት አፍሬ በአንባሰል ቅኝት የተሞላ አንድ ገዛሁ።

አመሻሽ ላይ ሌላ ጉድ ገጠመኝ። ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ሜዳው ሁሉ ማር ሲመስል በጎች ወደ ቤት የሚነዱ ልጆች አገኘሁ። ባና ተከናንበዋል። አነሳኋቸው፤ ከኋላቸው ያለው ዓለም ወርቅ፣ እነሱ ግን ከማቀዝቀዣ የወጡ መሰሉ፣ ሰማያዊ! የፍላሽ ብርሃን የእኩለ ቀን ብርሃን ነው፤ የምሽት ፀሐይ ስትቀላ እሷ አትቀላም። ለፎቶ አንሺው ልጅ ደወልኩለት። «ከረሜላ አለህ?» አለኝ። የለኝም። ልጆቹ ግን አላቸው! አንደኛው ከኪሱ ቢጫ የከረሜላ ላስቲክ አወጣ፣ አንድ ጎኑ ተልሶ ይጣበቃል። ፍላሿ ላይ ጠቀለልኩት። ቦግ። ልጆቹ ከበጎቻቸው ጋር በአንድ ፀሐይ ውስጥ ቆመው ተገኙ። ከዚያማ ማን ያስቆማቸው፤ «ፍላሹን! ፍላሹን!» እያሉ ሜዳውን አብረን ዞርን፤ በጎቹ ብቻቸውን ቤታቸው ደረሱ መሰለኝ። ቀን ላይ ደግሞ አንድ እጥፍ ሶፍት በዚያው በአሮጌው ፕላስተር ለጥፌ አለሰልሳታለሁ። ስምንት ዓመት ያሰረቻት ፕላስተር አሁን ልብስ ሆነቻት።

ፎቶና ደሴ ከዚህ በፊትም ተገናኝተዋል። ጣሊያን ኅዳር 26 ቀን 1928 ከተማዋን በአውሮፕላን ሲደበድብ አፄ ኃይለ ሥላሴ እዚያው ነበሩ፤ መትረየስ ይዘው የሚታዩበት ፎቶ ዓለምን ዞሯል። በዚያን ዘመን አምፖል መሳይ ፍላሽ ለጋዜጠኛ ደርሷል፤ አንድ ጊዜ በርቶ የሚጣል፣ ሲነኩት የሚያቃጥል። በካሜራ ሆድ ውስጥ የምትኖረው ፍላሽ መስፋፋት የጀመረችው ከዚያ አርባ ዓመት ቆይታ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1975 ኮኒካ ሲ35 ኢኤፍ ላይ፣ ሌንሱ በሚፈታ ካሜራ ላይ ደግሞ በ1987 ፔንታክስ አስገባት። ለእራት ግብዣና ለልደት ነበር የታሰበችው። ገብስ አውድማ ላይ፣ በስድስት ሰዓት፣ ጺም ታበራለች ብሎ ያሰበ መሐንዲስ ይኖር ይሆን?

*

የመጨረሻው ቀን የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በር አካባቢ ሻይ እየጠጣሁ ሚኒባስ እጠብቃለሁ። ሆስፒታሉ ድሮ በሥጋ ደዌ ሕክምና ይታወቅ ነበር፤ አሁን ከሩቅ ገጠር ሰው ለዓይን ሕክምና ይመጣበታል። ከጎኔ አግዳሚ ላይ አንዲት እናት ከልጃቸው ጋር ተቀምጠዋል። ግራ ዓይናቸው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል። ሞራ ነበር፣ ተገፈፈ አለኝ ልጃቸው። እሳቸው በቀኙ ዓይናቸው መንገዱን፣ ባጃጁን፣ ዛፉን፣ እኔን ተራ በተራ እያዩ ዝም ብለዋል።

ሻይ የምታፈላውን ልጅ፣ ጫማ የሚያሳምረውን ልጅ፣ ጃንጥላ የያዙ ሁለት ሴቶችን ሳነሳ ቆይቻለሁ። ቀዩ ጃንጥላ ፊታቸውን ቲማቲም አስመስሎት ነበር፤ ፍላሿ ወደ መልካቸው መለሰቻቸው። ሁሉም ሳቀ። ወደ እናቲቱ ዞሬ፣ ላንሳዎት ብዬ፣ እሺ ሲሉኝ ፍላሿን በጣቴ ተጭኜ ዘጋኋት።

አዩኝ።

«ምነው ልጄ፣ ለእነሱ ስታበራ ውለህ ለእኔ ስትደርስ አጠፋሃት?»

«ዓይንዎን እንዳላውክብዎት ብዬ ነው እናቴ። አሁን ነው የታከሙት።»

«እኔ ገንዘብ የከፈልኩት ብርሃን ላይ ብዬ አይደል?»

ልጃቸው ጣልቃ ገባ፤ ዶክተሩ ኃይለኛ ብርሃን ለጊዜው ይቅር ብሏል። እናትና ልጅ ተከራከሩ። እሳቸው «አንዲት ጊዜ ብቻ» ይላሉ፣ እሱ «እማዬ ተይ» ይላል። እኔ መሐል ቤት ካሜራ ይዤ ቆሜያለሁ። ፀሐይዋ ከኋላቸው ነች፣ የሻሻቸው ዳር ይነዳል፣ ፊታቸው ግን ጥላ ውስጥ ነው፤ እንዲሁ ባነሳቸው ምን እንደሚወጣ አውቀዋለሁ።

የልጁን ጋቢ አየሁት። አዲስ ነው፣ ለከተማ ተብሎ የታጠበ፣ ነጭ።

«ወንድሜ፣ እስቲ ጋቢህን አውልቅ» አልኩት።

ግራ ገብቶት አወለቀ። በሁለት እጁ ዘርግቶ፣ ከእናቱ ጉልበት ፊት ለፊት ጎንበስ ብሎ እንዲይዘው አደረግኩ። ፀሐይዋ ጋቢው ላይ አርፋ ወደ ላይ ተመለሰችና ለስልሳ፣ ሞቅ ብላ ፊታቸው ላይ ወጣች። እናቲቱ ልጃቸው በሸሚዝ ብቻ በብርዱ ሲንቀጠቀጥ አይተው ሳቁ። ያኔ ነው የተጫንኩት።

ሚኒባሱ መጣ። ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ፎቶውን አሳደግኩት፤ ሻሹን አለፍኩ፣ ሽብሽቡን አለፍኩ፣ ወደ ቀኝ ዓይናቸው ገባሁ። ውስጡ አንዲት ነጭ ጋቢ ተዘርግታለች፤ ከጋቢዋ ጫፍና ጫፍ ላይ የልጃቸው ሁለት እጆች ይታያሉ።